ዎኩ ተሟሽቷል

አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝም ካልሁሽ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ምክንያቱንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ከአዲስ አበባ ስትወጪ በአደራ የሰጠሽኝ ዎክ፣ ያ ጎድጓዳ የቻይና ብረት መጥበሻ፣ እንዴት እንደሆነ በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስትጠይቂኝ፣ ዕቃው ዝጎ ከቁም ሳጥን ጀርባ ወድቆ ስለነበር መልስ ለመጻፍ አፈርሁ። ዛሬ ግን የምነግርሽ አለኝ።

ጥፋቴ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ቀዝቃዛ ዎክ ላይ ዘይት አፍስሼ ግማሽ ኪሎ ሥጋ በአንድ ጊዜ ገለበጥሁበት። ሥጋው ከብረቱ ተጣበቀ፣ የወጣው ውኃ ዎኩን ሞላው፣ ጥብስ ይሆናል ያልሁትም ግራጫ ቅቅል ሆነ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሥጋ ቡናማ መልክና የጥብስ ሽታ እንዲያገኝ ግን ገጹ ደርቆ ወደ 140 ዲግሪና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት። በራሱ ውኃ ውስጥ እስከተቀመጠ ድረስ እሳቱ ምንም ቢበረታ እዚያ አይደርስም። በዚህ ላይ ዎኩን በሽቦ ፈትጌ ሳላደርቀው ስላስቀመጥሁት ዛገ።

መላውን ያገኘሁት እናቴ አዲስ የሸክላ ምጣድ ስታሟሽ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ምጣዱን ደጋግማ እያጋለች የጎመን ዘር ስትበትንበትና በማሰሻ ስታሸው፣ የዘሩ ቅባት ሸክላው ውስጥ እየገባ ገጹ ሲጠቁርና ሲለሰልስ አየሁ። ዎክም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ በስሱ የተቀባ ዘይት በኃይለኛ ሙቀት ባሕርዩን ለውጦ ብረቱ ላይ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን ይሆናል። ዝገቱን አስለቅቄ፣ አጥቤ እሳት ላይ አደረቅሁት፤ ከዚያም በጨርቅ ዘይት ቀብቼ፣ ትርፉን ጠርጌ፣ ጭሱ እስኪያቆም አጋልሁት። ይህንንም አምስት ጊዜ ደጋገምሁት። ትርፉን መጥረጉን አደራ፤ ወፍራም ዘይት እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ይቀራል።

አሁን ባዶውን ዎክ አስቀድሜ አግላለሁ። ታቹ ጠፍጣፋ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ምድጃዬ ላይ በደንብ ይቀመጣል፤ ምድጃው ግን ለመጋል ጊዜ ስለሚወስድ ሳልቸኩል እጠብቃለሁ። የውኃ ጠብታ ስጥልበት ቸስ ብሎ ከመጥፋት ይልቅ እንደ ዶቃ ክብ ሠርቶ ወዲያ ወዲህ ከተንከባለለ ሰዓቱ ደርሷል። ጠብታው ተንኖ ሲያልቅ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በጠርዙ ዙሪያ አፈስሳለሁ፤ ዎኩንም እያዘነበልሁ ጎኑን ሁሉ አስነካዋለሁ። ዘይቱ ቀጥኖ መርገብገብ ሲጀምርና የመጀመሪያዋ ስስ ጭስ ብቅ ስትል ሥጋው ይገባል፤ ጭሱ እስኪወፍር ከጠበቅሽ ዘይቱ ይመራል። የተጣራ የሱፍ አበባ ዘይት እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ስለሚችል እርሱን እመርጣለሁ። ለጋ ቅቤ ቶሎ ያራል፤ ያልተጣራ የሰሊጥ ዘይትም ምግቡ ከእሳት ከወረደ በኋላ ለሽታው ጠብ ቢደረግ ይሻላል። ምናልባት ዘይቱ ቢቀጣጠል ምድጃውን አጥፍተሽ በክዳን ክደኚው እንጂ በፍጹም ውኃ አታፍስሺበት።

ወጥ ስንሠራ ሽንኩርቱን በዝግታ ማቁላላት ስለለመድን እጃችን ትዕግሥት ያውቃል፤ ዎክ ግን ትዕግሥቱን የሚፈልገው ከማብሰሉ በፊት ነው። ሥጋው በስሱ ተቆርጦ በንጹሕ ጨርቅ ደርቆ፣ ካሮቱና ፎሶሊያው ተከትፎ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ተልጦ አጠገቤ ካልተሰለፈ ምድጃውን አልለኩስም። ሥጋውን በሁለት ዙር፣ እፍኝ እፍኝ አድርጌ እጠብሳለሁ፤ ሲገባ የነበረው የቸስታ ድምፅ ከቀነሰ ዎኩ መቀዝቀዙን አውቄ ሌላ ከመጨመር እቆጠባለሁ።

ባለፈው እሑድ የጠበስሁት ሥጋ አንድም ቁራጭ ሳይጣበቅ ሳህኑ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ። ዎኩን በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ እሳት ላይ አድርቄ፣ ዘይት በስሱ ቀብቼ ከማድ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሰቅየዋለሁ። አደራሽ ነውና ስትመጪ ትረከቢኛለሽ፤ እስከዚያ ግን እንዳይዝግ ዘወትር እሠራበታለሁ።

እህትሽ