መጀመሪያ ይለካ፦ የመኪና ጥገና ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ሲከፈት ለመመዝገብ የመጡት ተማሪዎች ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ነበር፦ «መኪናዋን መቼ ነው ዝቅ የምናደርጋት? ማርሚታዋስ መቼ ይቀየራል?» ለልምምድ የተሰጠችን መኪና ከአባላቱ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ባለ 1.3 ሊትር ሞተር፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ያላት፣ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት ትንሽ ሃችባክ ናት። ለመነሣት ታስቸግራለች፤ ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ቀኝ ትስባለች። እንዲህ ያለችን መኪና ከማሳመር በፊት ማዳን ይቀድማል ብዬ አጥብቄ ስለማምን አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ያልተለካ ነገር አይፈታም፣ አይቀየርምም። ደንቡን ብዙዎቹ በቅሬታ ነበር የተቀበሉት። የዓመቱ ሥራችን በሙሉ ግን ከእሱ የተቀዳ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮፈኑን ከፍተን ምንም ሳንፈታ ተመለከትን። አዲስ አባል ሁሉ የሚገርመው ሞተሩ ወደ ጎን ተጋድሞ መቀመጡ ነው። ይህን አቀማመጥ በሰፊው ያስለመደችው በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው የአሌክ ኢሲጎኒስ ንድፍ ሚኒ ናት፤ በእሷ ካምቢዮው ከሞተሩ ሥር ተቀምጦ ከሞተሩ ጋር አንድ ዘይት ይጋራ ነበር። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጎን ማስቀመጥን ደግሞ የፊያት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮሳ በ1964 በአውቶቢያንኪ ፕሪሙላ፣ ቀጥሎም በ1969 በፊያት 128 ተግባራዊ አደረገው። በ1974 የወጣችው ቮልስዋገን ጎልፍን ጨምሮ ኋላ የመጡት ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ የተከተሉት ይህንን ነው። የእኛዋም እንደዚያው ናት። ለጠጋኙ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ተሳፋሪው ሰፊ ቦታ ሲያገኝ እጅ መግቢያው ይጠብባል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ማየት ጊዜ ማባከን አይደለም።

የመነሣት ችግሯን በሰፊው ልንገራችሁ፤ ክበቡ ክበብ የሆነው በዚያ ሥራ ነውና። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ እያቃሰተ በዝግታ ያዞራል፤ አንዳንዴም አንዴ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ሁሉም በአንድ ድምፅ «ባትሪው ሞቷል» አሉ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር አንሥታ ለካች። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፤ ይህ በደንብ የተሞላ ባትሪ ንባብ ነው። ጓደኛዋ ቁልፉን ሲያዞር ወደ 11 ቮልት ወረደ፤ ይህም የሚያሳስብ አይደለም። ከዚያ አንዱን የመለኪያ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በራሱ በሞተሩ ብረት ላይ አስነክታ እንደገና እንዲያዞር አዘዘችው። መለኪያው 1.9 ቮልት አሳየ። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ወፍራም ሽቦ ብቻ ስለሆነ ንባቡ ለዜሮ የቀረበ መሆን ነበረበት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ሞተሪኖ ሲያዞር ከመቶ አምፒር በላይ ሊስብ ይችላል፤ ሬዚስታንሱ ከ0.02 ኦም ያነሰ መጥፎ ግንኙነት እንኳ በዚህ የአምፒር መጠን ሁለት ቮልት ገደማ ይበላል። ሽቦውን ተከትለን ካምቢዮው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፈታነው። ከሥሩ አረንጓዴ ሻጋታና የዝገት ዱቄት ወጣ። ሁለቱንም ፊት እስኪያብረቀርቁ ድረስ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግናቸው፤ አጥብቀን ካሰርን በኋላ እርጥበት እንዳይገባ ላዩን ግራሶ ቀባነው። አዲሱ ንባብ 0.1 ቮልት ሆነ፤ መኪናዋም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። ባትሪው ያው የድሮው ነው፤ እስከ ዛሬም እየሠራ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ደንቡን ማስታወስ የእኔ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ አንዱ ሌላውን «ለካኸው ወይ?» ማለት ጀመረ።

መንቀጥቀጡም በተመሳሳይ መንገድ ተፈታ። ጥርጣሬው በካርቡሬተሩ ላይ ነበር፤ የውስጥ ዕቃውን በሙሉ እንቀይር የሚል ሐሳብ ቀርቦም ብዙ ድጋፍ አግኝቷል። እኛ ግን መጀመሪያ የሲሊንደሮቹን ግፊት ለካን። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የማቀጣጠያው ሽቦ ተነቅሎ፣ የነዳጅ መስጫው ፔዳል እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው የሚለካው። ከአራቱ ሲሊንደሮች ሦስቱ 12 ባር ገደማ ሰጡ፤ ቁጥር ሦስት የሚባለው ግን 8.5 ላይ ቆመ። በደካማው ሲሊንደር ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረን ደገምነው። ዘይቱ በፒስተኑ ፋሻ ዙሪያ ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን ንባቡ ቢጨምር ጥፋቱ የፋሻው ነው። አልጨመረም። ስለዚህ ወደ ቫልቮቹ ሄድን፤ የቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ክዳን ስናነሣ የዚያ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ምንም ክፍተት እንደሌለው አገኘን። ከመለኪያ ስስ ብረቶቹ ቀጭኑ እንኳ አልገባም። እንዲህ ያለ ቫልቭ ሲሞቅ ስለሚረዝም ከመቀመጫው ጋር በደንብ አይገጥምም፤ በዚሁ ከቀጠለ ደግሞ ይቃጠላል። የፋብሪካው መመሪያ በሚያዝዘው ልክ ክፍተቱን አስተካከልን፤ ግፊቱም ከሌሎቹ ጋር ተቀራረበ። ካርቡሬተሩ አልተነካም፤ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

በፍሬን ላይ ያለኝ አቋም የማይለዝብ ነው፤ ይህ ክፍል እንደ ሌላው የመሞከሪያ ቦታ አይደለም። የፊት ጎማዎቹን አውልቀን የፍሬን ሸራዎቹን ውፍረት ስንለካ የግራው የውስጥ ሸራ 3 ሚሊሜትር፣ የውጭው 8 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ሸራዎቹን የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች በዝገት ተይዘው ስለነበር የሚሠራው አንዱ ወገን ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ወደ ቀኝ የምትስበው የቀኙ ፍሬን በደንብ ሲይዝ ግራው ስለሚሰንፍ ነው። ፒኖቹን አጽድተን ለጎማ በሚስማማ ልዩ ግራሶ ቀባናቸው፤ ተራው ግራሶ የፒኖቹን የጎማ ሽፋን ያሳብጣል። ሸራዎቹን ግን የቀየርነው በግራም በቀኝም ነው። በኋላው ታምቡር ውስጥ ያለውን አቧራ ማንም በአየር እንዲያባርር አልፈቀድኩም። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ነው የሚነሣው።

የፍሬን ዘይቱንም ለወጥን። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ መፍያው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያንስ ደረጃው ያዝዛል፤ ውኃ ከሳበ በኋላ ያለው ዝቅተኛ ልክ ግን 155 ዲግሪ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። አየሩን ስናስወጣ አንዱ ፔዳሉን እየረገጠ «ይዣለሁ» ይላል፤ ሌላው ጎማው ዘንድ ተቀምጦ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ደግሞ ይዘጋዋል። ግልጹ ቱቦ ውስጥ አረፋ ጠፍቶ ንጹሕ ዘይት ብቻ እስኪወርድ ድረስ ይደጋገማል። ሥራው ካለቀ በኋላ ፈቃድ ያለው መካኒክ ጠርተን ሁሉንም አስመረመርን፤ ከዚያ በፊት መኪናዋ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ወደ ማሻሻል ገባን፤ ክርክሩም እዚህ ላይ ጋለ። የተወሰኑ አባላት ሞላዎቹን ቆርጠን መኪናዋን እናሳጥራት አሉ። ሐሳቡን በቁጣ ከመዝጋት ይልቅ ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ወሰድነው። አንድ ሞላ ክብደት እያንጠለጠልን ለካን፤ ከዚያ በግማሽ ቆርጠን እንደገና ለካነው፤ ጥንካሬው እጥፍ ሆነ። ስድስት የሚሠሩ ጥቅልሎች ካሉት ሞላ አንዱ ቢቆረጥ ጥንካሬው በ20 በመቶ ያድጋል ማለት ነው፤ ለዚያ ጥንካሬ ያልተሠራው ድንጋጤ ማብረጃ ደግሞ ሊቆጣጠረው አይችልም። መኪናዋ ተነሥታ ጎማው ሲንጠለጠል የተቆረጠው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣም ይችላል። ከዚህ በኋላ ሐሳቡን ያነሣው ቡድን ራሱ ተወው፤ በዚህ እኮራባቸዋለሁ።

የጎማው ጥያቄ በወረቀትና በእርሳስ ተፈታ። መኪናዋ የመጣችው በ155/80 አር 13 ጎማ ነው፤ ይህም ማለት ወርዱ 155 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 80 በመቶ፣ ቸርኬው 13 ኢንች ነው። የጎማውን ወርድ በ0.80 አባዝተን በሁለት እጥፍ ስናደርገውና የቸርኬውን 330.2 ሚሊሜትር ስንደምርበት ቁመቱ 578.2 ሚሊሜትር ይሆናል። 185/60 አር 14 ደግሞ 577.6 ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ስለማይበልጥ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። አንድ አባል የወደደው 205/60 አር 14 ግን 601.6 ስለሚሆን መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናዋ የምትሄደው 104 ገደማ ይሆናል። 185/60ው ተመረጠ፤ መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የትም እንደማይነካም አረጋገጥን። የማርሚታው ሐሳብ ድጋፍ አጥቶ ቀረ፤ ጩኸት ጉልበት እንዳልሆነ ያን ጊዜ ሁሉም ገብቶት ነበር።

የዓመቱ ምርጥ ማሻሻያ በእኔ ዳኝነት የፊት መብራቱ ነው። በብዙ አሮጌ መኪኖች የመብራቱ ኤሌክትሪክ በሙሉ በመሪው ዘንድ ባለው ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ሲኖር አምፖሉ ዘንድ የደረሰው 12.3 ብቻ ነበር። ባለ ክር አምፖል ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከብርሃኑ ሲሶው ያህል በሽቦውና በማብሪያው ምክንያት ይጠፋ ነበር። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያለው ወፍራም ሽቦ ዘርግተን ሁለት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) አስገባን፤ ማብሪያው አሁን የሚያዝዘው ሪሌዎቹን ብቻ ነው። አምፖሉ ሳይቀየር ንባቡ 13.5 ደረሰ። ሐሳቡን ያመነጩት በሞተሪኖው ሥራ ላይ የነበሩት ተማሪዎች ናቸው።

ብዙ አባላት ይህን ሥራ በየቤታቸው ባሉ መኪኖች ላይ ጀምረዋል። ወላጆች እንዲያውቁት የምፈልገው ይህ ነው፦ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠፍጣፋና ጠንካራ መሬት፣ በቋሚ የብረት ድጋፍ ላይ ያረፈ አካል፣ መሬት ላይ ለቀሩት ጎማዎች መከልከያ ያስፈልጋል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞተር አይነሣ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ባትሪ ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም። የፊት ሞላ ማመቅና ኤርባግ መንካት የቤት ሥራ አይደሉም፤ ወደ ጋራዥ ይሂዱ።

ለከርሞ የሚጠብቀን የካምሻፍት ቺንጋውን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ የሚያዞረውን ቀበቶ) መቀየርና ከበሩ ሥር ያለውን ዝገት ማስወገድ ነው። ቀለሙ ላዩን ደህና ይመስላል፤ በካቻቢቴ እጀታ ሲመታ ግን ድምፁ የደረቀ ነው፤ አንድ ቦታ ላይም ቀዳዳ ወጥቷል። ብየዳውን ባለሙያ ይሠራዋል፤ ማጽዳቱና መቀባቱ የእኛ ነው። ንባቦቹ ሁሉ የሰፈሩበት መዝገብ በቤተ መጻሕፍቱ ይገኛል። የፊዚክስ ቤተ ሙከራው ኃላፊ ሞላና መለኪያ ስላዋሱን፣ መካኒኩም ያለ ክፍያ ስለመረመሩልን ከልብ እናመሰግናለን። ምዝገባ በመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ነው፤ ቀድሞ መኪና ነክቶ የማያውቅም ይምጣ።