ደብዳቤ ለልጄ፦ እናትህ ሬስቶራንት ስትገባ

ውድ ልጄ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው ስትደውል እናትህ «ቆይ ልጄ፣ ዓሳ እየበላን ነው፣ እጄ ዘይት ሆኗል» ብላ ዘጋችብህ። ማታ ደግሞ እኔ ጋ ደውለህ «ምን ነካችሁ? ማን ጋብዟችሁ ነው?» አልከኝ። ማንም አልጋበዘንም። በራሳችን ብር ነው የምንበላው። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልህ ወሰንኩ። ለጥምቀት ወደ ባሕር ዳር ስለምትመጡም የት የት እንደምንወስዳችሁ ከወዲሁ ብታውቀው ጥሩ ነው።

እህትህ አግብታ ከወጣች በኋላ ቤቱ ሰፋብን። እናትህ ለሁለት ሰው ድስት መጣድ አልሆነላትም። እጇ የለመደው ለብዙ ሰው ነው፤ ትሠራለች፣ ከዚያ ያንኑ ወጥ ስናሞቅ እንሰነብታለን። አንድ ቀን መብራት ጠፋ፣ የጋዙም ሲሊንደር ባዶ ነበር። «በቃ ተነሺ፣ ምሳ ውጭ እንብላ» አልኳት። ነጠላዋን እየደረበች «የሰው ቤት ወጥ» ብላ አጉረመረመች፤ ግን ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ልማድ ሆነብን። የምንወጣው ለምሳ ነው፤ ማታ ማታ በጊዜ ቤት መግባት ይሻላል።

በእኛ ዘመን ሬስቶራንት የወንድ ቦታ እንደነበር አንተም ታስታውሳለህ። እኔ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሥጋ ቤት ገብቼ ጥብስ ስበላ ኖሬአለሁ። እናትህ ከቤት ውጭ የምትበላው ሠርግና ልቅሶ ላይ ነበር። እዚያም ጓዳ ገብታ ወጥ ታማስላለች እንጂ ተቀምጣ የሚቀርብላት ከስንት አንዴ ነው። እናም መጀመሪያ ሰሞን መቀመጥ አቃታት። አስተናጋጇ ሰሃን ስታነሳ አብራ ትነሳለች። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በእጇ ትጠርጋለች። አንዴማ ባዶውን ትሪ ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ መንገድ ጀመረች። ልጅቷ ሮጣ «ኧረ እማዬ፣ እኔ አለሁ!» ብላ ተቀበለቻት።

አሁን ያ ቀርቷል። አሁን ዳኛ ሆናለች።

ምግብ ሲቀርብ መጀመሪያ ወጡን አትነካም። ከእንጀራው ጠርዝ ትንሽ ቆርሳ ለብቻው ታኝካለች። እኔ ዝም ብዬ ፍርዱን እጠብቃለሁ። «ሩዝ አለበት» ትላለች። አትሳሳትም። ወደ ጎንደር ስትሄድ በወረታ በኩል የምታልፈው የፎገራ ሜዳ ሩዝ አብቃይ ነው፤ «ኤክስ-ጅግና» የሚሉት ዝርያ እዚያ የታወቀ ነው። ጤፍ ሲወደድ ከሩዝ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ መጋገር እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው። እንጀራው ነጣ ይላል፣ ትኩሱን ያምራል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃል። እናትህ ሩዙን አትጠላም። የምትጠላው «ማኛ ጤፍ ነው» ተብላ ስትታለል ነው።

ከእንጀራው ቀጥሎ ሽሮው ነው። አንድ ቤት ገና እየተንፈቀፈቀ የመጣውን ተጋቢኖ ቀምሳ «ሽንኩርቱ አልተቁላላም፤ በዘይት ብዛት ነው የሸፈኑት» አለች። እኔ ጣፍጦኝ እየበላሁ ነበር። ሌላ ቤት ደግሞ ጠባብ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ወንበሩ የሚወዛወዝ ነው። ሽሮውን ቀምሳ ዝም አለች። ቀጥሎ «ወጥ ሠሪዋን ጥሩልኝ» አለች። ጠብ የመጣ መስሎኝ ነበር። ሴትየዋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ሁለቱ ስለ በርበሬ አፈጫጨት ሲያወሩ ቡናዬን ጠጥቼ ጨረስኩ። አሁን ረቡዕና ዓርብ በያይነት የምንበላው እዚያ ነው። ለእናትህ ምስሩ ለብቻ ይወጣላታል።

ሥጋ ቤቱን በአጭሩ ላልፈው። ግማሽ ኪሎ አዘዝን፤ እናትህ ሥጋው ምጣድ ላይ ሳይወጣ አየችው። «ይሄ ግማሽ አይሞላም፣ ድገመውና መዝነው» አለችው። ባለ ሥጋው ሳቀ፣ መዘነ፣ ጨመረ። እኔ በዕድሜ ልኬ ሥጋ አስመዝኜ አላውቅም። የስንት ዓመት ግማሽ ኪሎ እንደጎደለብኝ አሁን ላስበው አልፈልግም።

ዋናው ግን ዓሳ ነው፤ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገርህ።

ጣና ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ዓሳ መብላት እንግዳ ሁሉ የሚመኘው ነው። እኛም ሄድን። ዛፉ፣ ንፋሱ፣ ጀልባው፣ ሁሉም ያምራል። ምግቡ ግን ከታዘዘ በኋላ ረሃባችን እስኪያልፍ ቆየ። ሲመጣም ዳግመኛ የተጠበሰ ዓሳ ነበር፤ ጠርዙ እንጨት ሆኗል። እናትህ በጣቷ ነካ አድርጋ «ይሄ ትናንት ሞቶ ዛሬ ተቃጠለ» አለች። ሂሳቡ ላይ ታክሱም ሰርቪሱም ተደምሮ ሲመጣ የእይታ ዋጋ መሆኑ ገባኝ። ስለዚህ የእኛ ደንብ ይሄ ነው፦ ሐይቁ ዳር ጭማቂና ማኪያቶ፣ ዓሳው ከኋላ መንገድ። ማንጎ ፓርክ ሄዳችሁ ስፕሪስ እየጠጣችሁ ውሃውን እዩ፣ ፎቶም ተነሱ። ሲርባችሁ ግን ባጃጅ ይዘን ወደ ውስጥ እንገባለን።

ከኋላ መንገድ ያለው ቤት ሜኑ የለውም። ጠዋት ከአሥጋሪዎች የመጣው ዓሳ ነው የሚጠበሰው፤ ካለቀ አለቀ ነው። እናትህ ዓሳው ሳይጠበስ ታየዋለች። ዓይኑ ጥርት ያለ መሆኑን፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣም ውስጡ ቀይ መሆኑን ታረጋግጣለች። ቀረሶ የሚባለው ባለ ቅርፊቱ ዓሳ ከሆነ ሙሉውን ጎንና ጎኑ ተተልትሎ በፈላ ዘይት ይገባል። ሎሚ ጨምቀህበት፣ ሚጥሚጣ ነስንሰህ፣ ትልትሉን በእጅህ እየላጥክ ነው የሚበላው። ሹካ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ቤት በአዘኔታ ይታያል። ጭንቅላቱን አትተው፤ ጉንጩ ላይ ያለችው ሥጋ የእናትህ ድርሻ ናት።

አምባዛ ሌላ ነገር ነው። ሥጋው ወፍራም፣ አጥንቱ ጥቂት፣ ለጉላሽ የሚመች ነው። ግን ቅርፊት የለውም፤ ስለዚህ እናትህ አትቀምሰውም። ጉላሽ በመጣ ቁጥር «ምን ዓሳ ነው?» ትላለች። አስተናጋጁ «ቀረሶ ነው እናቴ» ይላል። «ማልልኝ» ትላለች። እኔ ስለማልጠይቅ ሁለቱንም በሰላም እበላለሁ።

ነጭ ዓሳውን ግን በክረምት አላዝም፤ ይህ የራሴ ነገር ነው። ከ15 በላይ ዝርያ አለው፣ አብዛኞቹም ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። ከፊሉ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ሄዶ ነው እንቁላል የሚጥለው። መረቡ ታዲያ ወንዙ አፍ ላይ ይጠብቀዋል። ቁጥሩ ድሮ እንደነበረው አይደለም። ሐይቁም እምቦጭ የሚባለው አረም ከገባበት ከ2004 ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ፣ ጀልባና መረብ መንቀሳቀሻ ያጣባቸው ጊዜያት አሉ። አንተ ልጅ ሳለህ ዓሳ የድሃ ምግብ ነበር። አሁን ዋጋውን ስትሰማ ዶሮ ያዘዝክ ይመስልሃል።

በዓቢይ ጾም ዓሳ ቤቶቹ ከሰው ብዛት መቀመጫ አይገኝባቸውም። «ዓሳ ይጾማል፣ አይጾምም» የሚለው ክርክር ጠረጴዛው ላይ አብሮ ይቀርባል። እናትህ ትጾመዋለች። እኔ በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር ተከራክሬ አላውቅም፤ አንተም እንዳትጀምር።

ከበላን በኋላ በእግር እንሄዳለን። ዶክተሩ ያዘዘው ለእኔ ነው፣ የምታስፈጽመው ግን እሷ ናት። በ2016 ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው፤ ሄዶ መመለስ ለአንድ ቀረሶ ይበቃል። ዕድል ካለ ጉማሬ ይታያል። እናትህ ድልድዩ ላይ ቆማ የምታወራው ግን ስለ ውሃው አይደለም፤ የበላነውን ወጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትደግመዋለች፣ እኔም ሁለተኛ እበላለሁ። አንዳንዴ ቤት ስንደርስ ያንኑ ወጥ ራሷ ትሠራዋለች፣ «እንዲህ ነበር መሆን የነበረበት» ለማለት። ውጭ መብላት የቤቱን ድስት ያስቀራል ብለህ እንዳታስብ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጥር 9 ብትገቡ ይሻላል። በማግስቱ ገሃድ ስለሆነ ወጥ ሠሪዋ ጋ በያይነት እንበላለን፤ ስለ እናንተ ከወዲሁ ተነግሯታል። ጥምቀትና ሚካኤል ዶሮውም ጠላውም ቤት ነው፤ እናትህ በዚያ ሁለት ቀን ሬስቶራንት የሚባል ነገር አትሰማም። ጥር 13 ዓሳ። ረፈድ ካለ ስለሚያልቅ በጊዜ እንወጣለን፣ እንቅልፋችሁን ከወዲሁ ጨርሱ።

ሂሳብ እከፍላለሁ ብለህ እንዳትታገል። ቴሌብሩ በእናትህ ስልክ ነው፤ አስተናጋጁ ገና ሳይመጣ ከፍላ ትጨርሳለች፣ ደረሰኙንም ታነበዋለች።

ባለቤትህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፦ አምባዛ ትበላለች? ከበላች እኔ ጎን ትቀመጥ።

አባትህ
ባሕር ዳር