የሜምብሬኑን ዕድሜም ጠይቁልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የሳይንስ ዓምዳችሁን ከማይዘሉት አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ስለ አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ለዋጭ ሜምብሬኖች የምታወጧቸውን ዜናዎች ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ነው የማነባቸው። ሁሌም የሚገጥመኝ ግን አንድ ዓይነት ነው፦ አዲሱ ሜምብሬን ከነባሩ ይህን ያህል እጥፍ አዮን እንደሚያስተላልፍ ይነገረንና ዜናው እዚያው ላይ ያልቃል። ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው? በስንት ዲግሪ ሙቀት? የተሞከረው ቁራጭ ቴምብር ያህል ነው ወይስ ጠረጴዛ ያህል? ይህ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ልግለጸው። ሜምብሬኑ ስስ የፕላስቲክ ሉህ ነው፤ ብዙዎቹ ከሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም አይርቁም። በፖሊመሩ ሰንሰለት ላይ ቻርጅ ያላቸው ክፍሎች ተተክለውበታል። የተተከሉት ኔጋቲቭ ከሆኑ ፖዘቲቭ አዮኖችን ያሳልፋል፣ ኔጋቲቮቹን ይገፋል፤ ፖዘቲቭ ከሆኑም በተገላቢጦሽ። ፍሬድሪክ ዶናን የዚህን መግፋት ሕግ የቀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። ጨዋማ ውሃን በኤሌክትሪክ የሚያጣራው፣ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን የሚያወጣው፣ የቫናዲየም ባትሪን ሁለት ፈሳሾች ለያይቶ የሚይዘው ይኸው ሉህ ነው።

አዮን በሜምብሬኑ ውስጥ የሚጓዘው በውሃ ነው። ስለዚህ የማስተላለፍ አቅሙን ከፍ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው አቋራጭ መንገድ አለለት፦ ቻርጅ ያላቸውን ክፍሎች ማብዛት። ሉሁ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ቁጥሩም ይወጣል። ግን ያብጣል፤ ሲያብጥ ይላላል፣ ማገድ የነበረበትንም ማሳለፍ ይጀምራል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ካዘጋጀኋቸው ሁሉ ከፍተኛውን ቁጥር ያስመዘገበልኝን ሉህ እስከ ዛሬ አልረሳውም። 5 ሴንቲ ሜትር በ5 አድርጌ ቆረጥኩትና 80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት ሳየው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ተለጥጦ እንደ እንቁላል ነጭ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ጥግ በመቆንጠጫ ይዤ ሳነሳው በራሱ ክብደት ለሁለት ተቀደደ። ትናንትና የለካሁት ቁጥር ማስታወሻዬ ላይ በቀይ ተሰምሮበት ነበር።

ኢንዱስትሪው ይህን ካወቀው ቆይቷል። ክሎሪንና ኮስቲክ ሶዳ ለረጅም ዘመን ሲመረቱ የኖሩት በሜርኩሪና በአስቤስቶስ ነበር። እነዚያን ወደ መተካት የደረሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ግሮት ዱፖንት ውስጥ ባገኘው ናፊዮን የተጀመረው የፍሎሪን ሜምብሬን ቤተሰብ ነው። እነዚህ ሜምብሬኖች በአንድ ጎናቸው ክሎሪኑን፣ በሌላው ወደ 90 ዲግሪ የሚጠጋ ትኩስ ኮስቲክ ችለው ለዓመታት ይሠራሉ። ወጥ ሉህም አይደሉም፦ በክሎሪኑ በኩል ሰልፎኔት፣ በኮስቲኩ በኩል ስስ የካርቦክሲሌት ንጣፍ አላቸው፤ ሁለቱም ኔጋቲቭ ቻርጅ ያላቸው ክፍሎች ስም ናቸው። ይህ ንጣፍ አዮን በማስተላለፍ ከሰልፎኔቱ ያንሳል። የተመረጠው ግን፣ ሃይድሮክሳይድ የሚባለው የኮስቲኩ ኔጋቲቭ አዮን ወደ ኋላ እንዳይሾልክ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የማስተላለፍ ቁጥርን ብቻ በሚመዝን ዘገባ ግን ለእንዲህ ያለ ንጣፍ ቦታ አይገኝለትም።

ዛሬ ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምርምሩ ከፍሎሪን ለመውጣት እየሮጠ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አምስት የአውሮፓ አገሮች ፒፋስ የሚባሉትን፣ በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱ የፍሎሪን ውህዶች በስፋት ለመገደብ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ናፊዮንም ከዚያው ቤተሰብ ነው። በሌላ በኩል የአሲድ ሜምብሬን ያለው ኤሌክትሮላይዘር (ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጂን የሚያወጣው መሣሪያ) ኢሪዲየም የሚባል ብርቅ ብረት ይፈልጋል፤ የዓለም የዓመት ምርቱ ደግሞ 10 ቶን አይሞላም። ሃይድሮክሳይድ አስተላላፊ ሜምብሬኖች ከሁለቱም ሊገላግሉን ይችላሉ፤ ከኒኬል ጋር ይሠራሉ፣ ፍሎሪንም የግድ አይላቸውም። እኔም ተስፋዬን የጣልኩት እዚያ ላይ ነው።

የሚበላቸው ግን እንዲያስተላልፉት የተሠሩለት ሃይድሮክሳይድ ራሱ ነው። በሰንሰለቱ ላይ የተተከለውን ፖዘቲቭ ክፍል፣ አሞኒየሙን፣ እየመታ ይነቅለዋል። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ይብስበታል፤ ዙሪያውን በበቂ ውሃ ያልተከበበ ሃይድሮክሳይድ እጅግ ኃይለኛ ነው። በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ወር የጸና ሜምብሬን፣ አንዱ ጎኑ በሚደርቅበት ሴል ውስጥ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ "አልካሊ የማይበግረው ሜምብሬን" የሚል ርዕስ ሳይ፣ በዕቃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነው ወይስ ሴል ውስጥ እየሠራ፣ ወዲያው ይህን እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ አላገኘውም።

አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። ከኤሌክትሮላይዘር የሚጠበቀው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰዓት ነው። 1,000 ሰዓት ብቻ ያለማቋረጥ ለመሞከር እንኳ ወደ 42 ቀን ይፈጃል፤ ፓምፕ ቢቆም ወይም አንድ ቱቦ ቢያፈስ ሙከራው እንደ አዲስ ይጀመራል። እንዲህ ባለ ሙከራ ላይ ሌሊት እየተነሱ ቮልቴጁን የሚያዩ ወጣት ተመራማሪዎች አውቃለሁ። ሜምብሬኑ በ700ኛው ሰዓት ጋስኬቱ በተጫነበት ጠርዝ ላይ ሲሰነጠቅባቸው፣ የተሰነጠቀውን ሉህ በማይክሮስኮፕ መርምረው ምክንያቱን የሚጽፉም አሉ። ቀጣዩን ሜምብሬን የሚያሻሽለው ያ ጽሑፍ ነው፤ ዜና ሆኖ ሲወጣ ግን አይቼ አላውቅም፤ ይህም ከልቤ ያሳዝነኛል።

ዘጋቢዎቻችሁን የምለምነው ብዙ አይደለም። የሰዓቱን፣ የሙቀቱንና የስፋቱን ቁጥር ከማስተላለፍ ቁጥሩ ጎን አስቀምጡልን። ተመራማሪው ሉሁን ወደ ብርሃን ይዞ የሚያሳይበትን ፎቶ ማውጣታችሁ ደግ ነው፤ ከሥሩ ግን ቮልቴጁ በሰዓታቱ ብዛት እንዴት እንደሄደ የሚያሳየውን መስመር አትሙት። ጥናቱ እንዲህ ያለ መስመር ከሌለው፣ እንደሌለው ጻፉልን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሜምብሬን ተመራማሪ