ቡድኑ ያጣው ሰው እንጂ ወኔ አይደለም

ይድረስ ለስፖርት አምድ አዘጋጅ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የአሜሪካን ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ በአማርኛ የሚዘግብ ብዙ ስለሌለ፣ ለምትሠሩት ሥራ ከልብ አመሰግናለሁ። በቅርቡ ያወጣችሁት አንድ ዘገባ ግን አልተዋጠልኝም። በተከታታይ የተሸነፈን የኮሌጅ ቡድን «ወኔ የራቀው» ብላችሁታል። ቡድኑን እኔም እከታተለዋለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዘገባው ያልነገረን ነገር አለ። ሁለት ተጫዋቾች የጉልበት ጅማታቸው ተበጥሶ ዓመቱ አብቅቶላቸዋል። ይህ ጉዳት ለመዳን ከዘጠኝ ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን አብዝቶ እንደሚያጠቃም ይታወቃል። ሌላዋ ጭንቅላቷን ተመትታ ሐኪም ገና አልፈቀደላትም። ከዚህ ላይ ገና ዓመቱ ሳይጀመር በዝውውር ፖርታል፣ ማለትም ተጫዋቾች ኮሌጅ ለመቀየር በሚመዘገቡበት ሥርዓት፣ የሄዱትን ጨምሩበት። መለያ ለብሰው የሚገቡት ሰባት ብቻ ናቸው።

ሰባት ሰው ለአምስት ቦታ ይበቃል የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ይበቃል። ሜዳ ላይ ግን ፋውል የሚባል ነገር አለ። በኮሌጅ ጨዋታ አምስት ፋውል የሠራች ትወጣለች፣ አትመለስም። ሙሉ ቡድን ያለው አሰልጣኝ በመጀመሪያው ግማሽ ሁለት ፋውል የሠራችበትን ተጫዋች ቶሎ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ይህ አሰልጣኝ ግን በማን ይተካት? እዚያው ትቆያለች፤ እጇን ሰብስባ ትከላከላለች። ተጋጣሚዋ ወደ ቅርጫቱ ስትገሰግስ ዘልላ ኳሱን መምታት እየቻለች ትተዋታለች። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው የፈራች ትመስላለች። ልጅቷ ግን የምታስበው አራተኛ ፋውሏ ከተነፋ ቡድኑ ምን እንደሚሆን ነው። እናንተ «ወኔ ማጣት» ያላችሁት ይህንን ይመስለኛል።

አራተኛው ሩብ ደግሞ አለ። በሴቶች ጨዋታ አራት ሩብ አለ፣ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ነው። በመጀመሪያው ሩብ መረቡን እየነካ ይገባ የነበረው ኳስ በአራተኛው የቀለበቱን የፊት ጠርዝ እየመታ ይመለሳል። እጅ አልተሳሳተም፣ እግር ከድቷል። ቅርጫት ኳስ የሚወረወረው ከእግር ነውና። ተጋጣሚ ደግሞ ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ሆን ብሎ ሜዳውን ሙሉ ይጫናል፣ ያሯሩጣል።

ልምምዱም ይጎዳል። በሰባት ሰው አምስት ለአምስት መለማመድ አይቻልም። የሴቶች ቡድኖች ከወንድ ተማሪዎች ጋር መለማመዳቸው የተለመደ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቡድን ግን ግዴታ ይሆናል። አሰልጣኙም የቀሩት እንዳይጎዱበት ስለሚፈራ ልምምዱን ያለዝበዋል። ያልተለማመዱትን ደግሞ በጨዋታ ሰዓት ከየት ያመጡታል?

ይህ ችግር ትልልቆቹንም አልማረም። ያኔ 11 ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበረው የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከዴፖል ዩኒቨርሲቲ ጋር የነበረውን ጨዋታ ወደ ሌላ ቀን ለማስተላለፍ ተገዷል። በሚወዳደርበት ሊግ በቢግ ኢስት ደንብ መሠረት ስኮላርሺፕ ያላቸው ቢያንስ ሰባት ተጫዋቾች ማሟላት አልቻለም ነበር። ማንም ፈሪ አላለውም። በቀጣዩ ዓመትም ጉዳት አልተለየውም፤ ሆኖም በአገር አቀፉ ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ አራት ደርሶ በአዮዋ 71 ለ 69 ተሸነፈ። «አያችሁ፣ ይቻላል» ለማለት ይህን የሚጠቅስ አይጠፋም። እኔ በዚህ አልስማማም። ኮኔቲከት ያን ዓመት ኮከቧ ተጫዋች ፔጅ ቤከርስ ነበረችው። ትንሽ ኮሌጅ እሷን የመሰለች ከየት ያገኛል?

ለዚህ ቡድን የሚቀርበው የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። የ2023-24 ወቅትን 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈው ጀመሩ። ከዚያ ጉዳቱ ተደራረበና በጥር 2024 ለካንሳስ ስቴትና ለአዮዋ ስቴት ሁለት ጨዋታ በፎርፌ ለቀቁ። አሰልጣኙ ማርክ ካምቤል ለግቢው ተማሪዎች የሙከራ በር ከፈተ። አራት ተማሪዎች ተመርጠው ገቡ። ትናንት ክፍል ውስጥ የነበረች ልጅ በአንድ ጊዜ ከአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ሜዳ ላይ ቆመች። በቀጣዩ ዓመት ያ ቡድን የሊጉ የቢግ 12 ሻምፒዮን ሆኖ በአገር አቀፉ ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ገሰገሰ። የረዳው ያው የዝውውር ፖርታል ነው፤ ከአንዱ የሚወስደውን ለሌላው ይሰጣል። ያን ጥር ላይ ሁለቱን ፎርፌ አይተው ቡድኑ አበቃለት ያሉ ሰዎች ምን ያህል እንደተሳሳቱ አስቡት።

ከወንዶቹ ደግሞ የአላባማ ዩኒቨርሲቲን ቡድን አልረሳውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ከሚኒሶታ ጋር ሲጫወቱ በተፈጠረ ግብግብ ከወንበራቸው የተነሡ ተጠባባቂዎች በሙሉ ከጨዋታ ተባረሩ። ከዚያ አንዱ በፋውል ወጣ፣ ሌላው ተጎዳ። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለሦስት ሆነው ከአምስት ጋር ተጫወቱ። የአላባማው ኮሊን ሴክስተን 40 ነጥብ አስቆጠረ። 89 ለ 84 ተሸነፉ። ሠንጠረዡ ላይ ያ ጨዋታ እንደማንኛውም ሽንፈት ነው የተመዘገበው።

ሽንፈት ሽንፈት ነው፣ ይመዝገብ። ቡድኑ አይተች እያልኩም አይደለም። ኳስ አያያዛቸው ላይ እኔ ራሴ ብዙ የምለው አለኝ። ነገር ግን ስለ ልብ ከመፍረዳችሁ በፊት ወንበሩን እዩት። ጨዋታ ማስተላለፍ ወይም በፎርፌ መልቀቅም የሚያሳፍር ነገር ተደርጎ ባይጻፍ ደስ ይለኛል። የደከመ እግር ከዝላይ ሲያርፍ ይሳሳታል፤ እነዚህ ልጆች ደግሞ ጠዋት ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ናቸው። አራተኛዋ ተጎጂ ከምትፈጠር አንድ ጨዋታ ቢቀር ይሻላል።

የምጠይቃችሁ ቀላል ነገር ነው። ከአሁን በኋላ ውጤት ስታወጡ ስንት ተጫዋች ለብሶ እንደገባ ከጎኑ ጻፉልን። የተጎዱትን ስም ማውጣት ካልፈለጋችሁ ቁጥሩ ይበቃናል። «ወኔ የራቀው» የምትለዋንም ቃል በሚቀጥለው ዘገባ ብታርሟት እላለሁ። ልጆቹም ቤተሰቦቻቸውም ያነብቧችኋል።

አክባሪያችሁ፣
የአምዱ አንባቢ