ለእኔ ብላችሁ ለደከማችሁ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ እናቴን ለእንቁጣጣሽ ያደረሰልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ለጽሑፍ አሜሪካ ሳለሁ እማዬ ወድቃ ሆስፒታል የገባችበትን እንደገና አልተርከውም፤ አብዛኞቻችሁ ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችኋል። እንዲያውም አገር ሲያውቅ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዛሬ እማዬ በዎከር እየተደገፈች ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ትመጣለች፤ ቡናው ቀጠነ ብላም ትቆጣለች። ቁጣዋ ሲመለስ ነው የእኔም ልብ የተመለሰው።

ምስጋናውን በወግ በወጉ ላስኬደው ብዬ ከእቁባችን ጀምሬ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ብዕሬ እየዞረ የመንትዮቹ እናት ደጃፍ ላይ ይቆማል። እንግዲህ ይቁም። እቁብተኞቼ ተራችሁን ጠብቁ፣ መጠበቅ ታውቁበታላችሁ።

የመንትዮቹ እናት የምለው ግቢው ሁሉ እንዲያ ስለሚጠራት ነው። ስሟን እንዳልጽፍ አስምላኛለች። «ምን አደረግሁና ነው እትዬ? ሰው ይስቅብኛል» አለችኝ። ምን እንዳደረገች እንግዲህ እኔ ልናገር።

አሜሪካ ካለው የሴት ጸሐፊዎች ማረፊያ፣ ከሄጅብሩክ፣ ደብዳቤ የደረሰኝ ዕለት ደስታዬ እራት ድረስ እንኳ አልቆየም። እማዬ ስኳር አለባት፤ ጠዋትና ማታ መርፌ ትወጋለች፤ ከማታውቀው ሰው እጅ ደግሞ ውሃ አትቀምስም። ሃምሳን ያለፈች ሴት፣ ያውም አስተማሪ፣ ልብወለድ ልጽፍ ነው ብላ እናቷን ጥላ አሜሪካ ስትሄድ ሰው ምን ይላል የሚለውም ነበረ፤ አልዋሽም። የመንትዮቹን እናት ልብስ ስታሰጣ አገኘኋትና እንደ ቀልድ ነገርኳት። እንኳን ደስ አለሽ አላለችም፤ አይዞሽም አላለችም። «መርፌው እንዴት ነው የሚወጋው? አሳይኝ» አለች። በማግስቱ ብርቱካን ገዝታ መጣች። ወጥ ቤታችን ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ውሃ በሲሪንጅ እየሳበች ብርቱካኑን ስትወጋ፣ መንትዮቹ ከጎኗ ቆመው «አመመው?» እያሉ ይጠይቋት ነበር።

ነሐሴ ነው፤ መብራት ከሄደ ቶሎ አይመለስም። ኢንሱሊኑ እንዳይበላሽ ሰግታ፣ አማቷ ገጠር እንደምታደርገው በፌስታል ጠቅልላ እርጥብ አሸዋ ላይ በተቀመጠ ገንቦ ውስጥ አኖረችው። ይህን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ስመለስ ገንቦውን ወጥ ቤት አይቼ ጠይቄ ነው። ፍራሿን ከእማዬ አልጋ ሥር አንጥፋ ትተኛ ነበር። መንትዮቹን ለባሏ አስረከበችው (እግዜር ይስጥህ ወንድሜ)። እማዬ ፍልሰታን ካልጾምኩ ብላ ስታስቸግር ተከራክራ አልደከመችም፤ ንስሐ አባቷን አስጠርታ አስገዘተቻት። እኔ ልጇ ስንት ዓመት ለምኜ ያልተሳካልኝን ነገር ነው።

ያቺን ሌሊት አልጽፋትም። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም ከአራተኛ ፎቅ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ በነጠላ ደግፋችሁ ያወረዳችኋት የግቢያችን ልጆች፣ ወልዳችሁ ሳሙ። ደም የሰጣችሁ ሁሉ፣ ከመጎዳት ይጠብቃችሁ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ፣ በተለይ የሌሊት ተረኞቹ፣ እጃችሁ ይባረክ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚገርመኝ። በክረምት አዲስ አበባና ሲያትል የአሥር ሰዓት ልዩነት አላቸው፤ እኔ ስነሳ እናንተ ጋ ቀኑ ሊመሽ ነው። በየጠዋቱ እደውላለሁ፣ የመንትዮቹ እናት ታነሳለች። «ደህና ናት፣ አሁን ሸለብ አደረጋት።» ሌላ ቀን «ቅዳሴ ሄዳለች፣ ፍልሰታ አይደል?» ቪዲዮ ክፈቺ ስላት ኔትወርክ የለም። አንዴ ከጀርባዋ ሰው ሲያቃስት ሰምቼ «ምንድን ነው ይሄ?» ብላት፣ ሳታመነታ «ለቅሶ ቤት ነኝ» አለችኝ። «ማን ሞተ?» «አታውቂያትም።» ለካ የቀዶ ጥገና ክፍል ናት! እማዬ ራሷም አድማው ውስጥ ገብታለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘውላት «በርቺ፣ ጻፊ፣ እኔ ምን ሆኜ» ትለኛለች። ድምፅሽ ደከመብኝ ስላት «ጾም ነዋ!» አለች። እንዳትጾም መገዘቷን በምን ልወቅ?

እውነቱን የሰማሁት ቦሌ ደርሼ ወንድሜ መኪና ውስጥ ካስገባኝ በኋላ ነው። «እማዬ ትንሽ ወድቃ ነበር» አለኝ። «ትንሽ» ብሎ የጀመረ ሰው ምን ሊያረዳ እንደሚችል የማያውቅ አበሻ የለም፤ ጎፋ እስክንደርስ ጮህኩ። በር ተከፍቶ በዓይኔ እስካያት ድረስ በሕይወት አለች ማለቱን አላመንኩትም። እሷ ደግሞ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጻፍሽው?» ብላ ነው።

አንዳንድ ቀን አሁንም ይናደድብኛል ሆዴ። የገዛ እናቴ ነገር እንዴት ከእኔ ይደበቃል? ሌላ ቀን ደግሞ ያኔ ብትነግሩኝ በመጀመሪያው አውሮፕላን መጥቼ ኮሪደር ላይ ከማልቀስ በቀር ምን እጨምር ነበር እላለሁ። ጽሑፉም እዚያው በቀረ ነበር። አልቆረጠልኝም። የመንትዮቹ እናት፣ ሁለቱንም ይዤ ነው የማመሰግንሽ፤ አንድ ቀን ድንገት ብቆጣሽ ቻይኝ።

ይቅርታ፣ ስለ ደሴቲቱም መጻፍ አለብኝ። የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ።

ሄጅብሩክ ከሲያትል በስተሰሜን ዊድቢ ደሴት ላይ ያለ የሴት ጸሐፊዎች ማረፊያ ነው። ያቋቋመችው ናንሲ ኖርድሆፍ የምትባል ሴት ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1988። ከሙክልቲዮ ወደብ መኪና በሚጭን ጀልባ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጫካ ውስጥ ስድስት የእንጨት ጎጆዎች አሉ፤ ለአንዲት ጸሐፊ አንድ ጎጆ፣ በየጎጆው የእንጨት ምድጃ። ለመኝታውም ለምግቡም አያስከፍሉም፤ ትኬቱ ግን የራስ ነው። ማረፊያው ለሁሉም ዕድሜ ነው፤ በእኛ ሰሞን ግን እንዳጋጣሚ ስድስታችንም አርባ አምስትን የተሻገርን ነበርን። ያለፉት ሴቶች የጻፉባቸው ደብተሮች በየጎጆው አሉ። ሌሊት ሌሊት አነባቸው ነበር፤ ስለ ድርሰት የሚያወራ ይገኝባቸዋል ብዬ ነበር፤ ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ልጅ፣ ስለ ታመመች እናት፣ ቤቱን ጥሎ ስለ መምጣት ነው። እኔም በአማርኛ ጽፌበታለሁ። ከእናንተ አንዷ ስትሄድ ታነበዋለች።

እኔ የደረሰችኝ ጎጆ ስሟ «ጉጉት» ነው። ወሎ አድጌ ጉጉት ስትጮህ ምን እንደሚባል እያወቅሁ ነው በሯን የከፈትኩት፤ አማትቤ ገባሁ። በኋላ እማዬ የወደቀችበትን ቀን ስሰማ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ እሷው ናት። ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።

እዚያ ካሉት ሁሉ ወጥ ሠሪዋን ለብቻ ማመስገን አለብኝ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አልበላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አልቀምስም ስላት ለምን ብላ አልጠየቀችኝም፤ እስከ ስንት ቀን ነው ብቻ አለችኝ። ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ከጓሮ የቀጠፈችውን ጎመን ለይታ ስታስቀምጥልኝ ከረመች። ጾሙ የሚፈታበትን ቀን ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ጽፋ ለጥፋ ኖሯል፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ገና ሳልጠራ እንቁላልና አይብ ይዛ መጣች። ዘመኔን ሁሉ «ዛሬ ምን ይሠራ?» እያልኩ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቁጭ ብዬ ስበላ አፈርኩ፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ማፈሩ ተወኝ።

አምስቱ ሴቶች ይህን አያነቡትም፤ ቢሆንም ይመዝገብልኝ። አንድ ማታ እራት ላይ ከመካከላችን አንዷ በድንገት ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔ ያን የእሳት ወላፈን የመሰለ ሙቀት ለሁለት ዓመት ከክፍል ወጣ እያልኩ፣ ስብሰባ ላይ በወረቀት እያራገብኩ፣ ለእህቶቼ እንኳ ሳልናገር የቻልኩት ነው። ያን ማታ እስከ እኩለ ሌሊት የተጫወትነው ስለሱ ነው። ለምንድን ነው እኛ የማንነጋገረው? እዚህ ያላችሁ እኩዮቼ፣ ቤታችሁ መስኮት አለ አይደል?

የሲያትል አበሾች፣ በተለይ የሬኒየር አቬኑ እህቶቼ፣ ሳታውቁኝ አሳድራችሁ፣ እስከ ጀልባው ሸኝታችሁ፣ እንጀራ በካርቶን አስይዛችሁኛል። ስደት አያደክማችሁ።

ተራችሁ ደረሰ እቁብተኞቼ። ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ የትኬት ዋጋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እጣ ሳታወጡ፣ ዳኛችን «የመጀመሪያው ለእሷ ይሁን፣ የሚቃወም?» ብለው ሲጠይቁ አንድ እጅ አልወጣም። የልጇን ሠርግ ለጥር የደገሰችው እህታችን ጭምር እጇን አላወጣችም፤ አይቻታለሁ።

የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ምዝገባውን ሸፍናችሁልኛል። የእድራችን እናቶች ሳላዛችሁ ሆስፒታል ተራ ገብታችሁ አድራችኋል። ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ወጪ ብቻህን ተሸክመህ አንድም ቀን አልነገርከኝም፤ ሒሳቡን እንነጋገራለን።

ስማችሁን ያላነሳሁ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ሾርባ በፔርሙስ ያመላለሰችው ማን እንደሆነች እስካሁን አጣርቼ አልደረስኩባትም፤ ፔርሙሱ አረንጓዴ ነው፣ እኛ ጋ ነው ያለው። ጸበል ያመጣችሁ፣ ስልክ ደውላችሁ ሳትጨርሱ ያለቀሳችሁ፣ ምስጢሩን ጠብቃችሁ ፌስቡክ ላይ ትንፍሽ ያላላችሁ፣ ቅር አይበላችሁ። ተቀየምኩ የምትል ካለች በስልክ ትስደበኝ፤ እቀበላለሁ።

ልብወለዱ የት ደረሰ ለምትሉ፣ ረቂቁ አልቋል። በ1977ቱ ድርቅ እማዬ ኮረም መጠለያ ውስጥ ፋፋ ስታማስል ያየችውን ይዤ የተነሳሁበት ነው። አሁን ማታ ማታ እያነበብኩላት ነው። ሁለት ቦታ ላይ «ውሸት ነው» ብላ አስቁማኛለች፤ አንዱን አስተካክያለሁ፣ በሌላኛው እየተከራከርን ነው።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ቡና አለ። ሁላችሁም ኑ፤ ደረጃው አራት ፎቅ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ውጡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ የመንትዮቹ እናት የዚያን ቀን ጀበና አትነካም፣ ረከቦት አታነሳም፣ ቄጠማ አትጎዘጉዝም። ልነሳ ስትል ያያት ሰው እጇን ይዞ ያስቀምጥልኝ።