የንግድ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሳምቡሳው ሒሳብና የመቀነቱ ቋጠሮ

በመስከረም መጨረሻ ለአዲሶቹ የ9ኛ ክፍል አባላት «ካፒታል ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ አቀረብኩ። ግማሾቹ «አዲስ አበባ» ብለው መለሱ። በጂኦግራፊ የተማሩት ይህንኑ ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ኢኮኖሚክስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል፤ መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ፍቺውን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፍ ይሆናል እንጂ ቃሉን የራሱ አያደርገውም። ክበባችን የቆመው ለዚህ ነው። «ልጆቻችንን ሳምቡሳ ቸርቻሪ አደረጋችኋቸው» ላሉን ወላጆችና የሥራ ባልደረቦች መልሴን እዚሁ ላስቀምጥ፦ ሳምቡሳው የማስተማሪያ መሣሪያችን ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ ተማሪዎቹን ይዞ ቤተ ሙከራ ሲገባ የሚወቅሰው የለም።

አባላቱ 24 ናቸው፤ 15ቱ ሴቶች ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከ9፡30 በኋላ ተሰብስበናል፤ ሥራ አስፈጻሚ መርጠናል፤ ዕቅድ አጽድቀናል። ቃለ ጉባኤዎቹ በመዝገብ ቤት ስላሉ አልደግማቸውም። ከስብሰባዎቹ ይልቅ ያስተማረን የዓመቱ ወሬ ነበር። ጥቅምት ላይ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል «መድን» የሚለውን ቃል መጽሐፍ ሳልገልጥ አስተማርኩ፤ ልጆቹ ራሳቸው «የተቃጠለውን ዕቃ ማን ይከፍላል?» ብለው ጠይቀዋልና። በዚያው ወር የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ለሽያጭ ሲቀርብ የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ ደግሞ 33 አክሲዮን መሆኑን ሰምተው መጡ። 9,900 ብሩን ለ24 አካፍለው ለእያንዳንዳቸው 412 ብር ከ50 ሳንቲም እንደሚደርስ አሰሉ። አልገዙም፤ አቅሙም የለም። ነገር ግን አክሲዮን ማለት የአንድ ድርጅት ባለቤትነት ቁራሽ መሆኑን ከዚያ ቀን በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የራሳችን ድርጅት የተመሠረተው እያንዳንዱ አባል 50 ብር አዋጥቶ በተገኘ 1,200 ብር መነሻ ካፒታል ነው። ኅዳር ላይ 96 ሳምቡሳ በ15 ብር ሸጥን፤ 1,440 ብር ገባ። ልጆቹ ለዱቄት፣ ለምስርና ለሽንኩርት ያወጡትን 870 ብር ቀንሰው «570 ብር አተረፍን» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ዝም አልኩ። በማግስቱ የሒሳብ ሹሟ ዘይቱ ከአንድ አባል ቤት እንደመጣና እንዳልተመዘገበ አስታወሰች። የዘይቱ 520፣ የከሰሉ 130 ብር ሲጨመር ለካ 80 ብር ከስረናል። የዘይቱንም ዋጋ ለባለቤቷ ከፈልን። ይህን ኪሳራ አልደብቅም፤ ገቢና ትርፍ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚያች 80 ብር በተሻለ ያስረዳቸው ነገር የለም።

የዓመቱ ትልቁ ቀናችን ግን በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ምን አለሽ ተራን የጎበኘንበት ነው። የትራንስፖርት ገንዘብ ጠይቀን ስላልተፈቀደልን በእግራችን ሄድን። እዚያ መጀመሪያ የሚቀበለን ድምፁ ነው፤ መዶሻው ከየአቅጣጫው ስለሚወርድ ካጠገብ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ጆሮ ሥር መጠጋት ግድ ይላል። ቆራሌው በየሰፈራችን እየጮኸ የሚሰበስበው ዕቃ መድረሻው እዚህ ነው። ጎማው ጫማ፣ ጣሳው ኩራዝ፣ በርሜሉ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። «ጥሬ ዕቃ» እና «እሴት መጨመር» የሚሉትን ቃላት ልጆቹ እያዩ በደብተራቸው ጻፉ።

ከበርሜል ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ የሚሠሩ አንድ አዛውንት መዶሻቸውን አስቀምጠው አነጋገሩን። የሒሳብ መዝገብ ይይዙ እንደሆነ ከተማሪዎቹ አንዱ ጠየቃቸው። ሳቅ አሉና የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ፤ «ይህ የቆርቆሮው ነው»። የሱሪያቸውን ኪስ አሳዩ፤ «ይህ የልጆቼ ነው»። ከተቀመጡበት ዱካ ሥር ደግሞ ክዳኗ የተበሳ አሮጌ የወተት ጣሳ አወጡ። የቆርቆሮ መቀሳቸው እየደነዘ ስለሚሄድ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአዲሱ መግዣ የሚጥሉባት ናት። «የደረቱ ገንዘብ ቤቴ አይገባም፤ ከገባ ሰኞ የምቀጠቅጠው አጣለሁ» አሉን። የሥራ ማስኬጃ፣ የግል ወጪ፣ የመሣሪያ እርጅና። በሦስት ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ሞልቼ ያላስጨበጥኩትን እኒህ ሰው በሁለት ኪስና በአንድ ጣሳ አስጨበጡልኝ።

እዚያው አንዲት ልጅ እጅጌዬን ጎተተችኝ። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን የምሰማው ስሟ ሲጠራ ብቻ ነበር። «ቲቸር፣ ጋሼን ሥራ አስፈታናቸው እኮ። እኛን ሲያስረዱ የማይሠሩት ምድጃም ወጪያቸው ነው» አለችኝ። አንዱን ሲመርጡ የሚቀረው የሌላው ጥቅም ዋጋ እንዳለው የሚያስረዳው ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስንም ነበር። የተናገረችውን ለጓደኞቿ ደገምኩላቸው፤ ወዲያው አንድ ምድጃ ለመግዛት ወሰኑ። አዛውንቱ 400 ብር ካሉት ላይ «ለተማሪ ነው» ብለው 50 ብር ቀነሱልን። ልጆቹ ምድጃዋን እየተፈራረቁ ተሸክመው ተመለሱ።

ከዚያ ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት የዚያች ልጅ እናት ትምህርት ቤት መጡ። ቅሬታ ይዘው የመጡ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የመቀነታቸውን ጫፍ አሳዩኝ። ሁለት ቋጠሮ አለበት፤ አንደኛው በቀይ ክር ታስሯል። ልጃቸው ናት ያሰረችው፤ ቀዩ የጤፍና የመብራት፣ ሌላው የቤት ነው። «እኔ እስከ ዛሬ የምከስረው እንጀራው ላይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ቤቴ ነው ከእንጀራዬ ሲበደር የኖረው» አሉኝ። ያን ቀን ክፍል የገባሁት አምስት ደቂቃ ዘግይቼ ነው። በሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ ምክንያቱን አልጻፍኩም፤ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ከጥር በኋላ በአዲሷ ምድጃ አራት ጊዜ ሸጠን 1,015 ብር አተረፍን። የበለጠ በሸጥን ነበር፤ የሻይ ቤቱ ተከራይ ቅሬታ በማቅረባቸው ሽያጫችን በአርብ ረፍት ብቻ ተወሰነ። በመምህራን ክፍል በዱቤ የተበላ የ14 ሳምቡሳ ዋጋ፣ 210 ብር፣ ሰኔ ድረስ አልተከፈለም። ልጆቹ «ተሰብሳቢ ሒሳብ» ብለው መዝግበውታል፤ ባለዕዳዎቹ ከእረፍት በፊት ቢከፍሉ ለትምህርቱም ለአርአያነቱም ይበጃል። የዓመቱ መዝጊያ ሒሳባችን 1,575 ብር ጥሬ ገንዘብ፣ 210 ብር ተሰብሳቢና በእርጅና 70 ብር ተቀንሶላት 280 ብር የተገመተችው ምድጃ ናቸው፤ በድምሩ 2,065 ብር። አባላቱ ትርፉን ተካፍለው መሄድ ይችሉ ነበር። ድምፅ ሰጥተው ሁሉንም ለመጪው ዓመት የ9ኛ ክፍል አባላት አቆዩት።

እንግዲህ ለርዕሰ መምህራችንና ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱ የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው። ሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ፣ ስፖርት ክበብ ኳስና መለያ አላቸው፤ ይገባቸዋልም። የእኛ ምድጃ ግን ብሎክ ሁለት ደረጃ ሥር ዝናብ እየመታት ዝገት ጀምሯታል። ገንዘባችንም በእኔ መሳቢያ ውስጥ በፖስታ ነው ያለው፤ የግል ገንዘብና የድርጅት ገንዘብ አይቀላቀልም ብዬ ለማስተምር ሰው ይህ ያሳፍራል። ከውስጥ ገቢ አንዲት ቁልፍ ያላት የብረት ሣጥን፣ ከሰንደቅ ዓላማው ጀርባ ካለው ጽድ ሥር አራት ቆርቆሮ የለበሰች ጥግና የአንድ ጉዞ ትራንስፖርት እንጠይቃለን። ልጆቹ የዋጋ ዝርዝሩን አዘጋጅተው ለጽሕፈት ቤቱ አስገብተዋል። ሣጥኗ እስክትገዛ ሳይጠብቁ ቁልፍ ያዧን መርጠዋል፤ ቀይ ክሩን ያሰረችው ልጅ ናት።