«ጨመረ» እና «ቀነሰ» ከማለታችን በፊት፦ ከየትኛው ሕዋስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ማይክሮ አርኤንኤና ስለ ጡት ካንሰር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን ማይክሮ አርኤንኤን በማግኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2024 የኖቤል ሽልማት ካገኙ ወዲህ የጠያቂው ቁጥር ስለበዛ ጉዳዩን ማንሳታችሁ ተገቢ ነው። ነገር ግን «በዕጢው ውስጥ የጨመሩት ካንሰር አምጪ፣ የቀነሱት ካንሰር ተከላካይ ናቸው» የሚለው አከፋፈላችሁ አንባቢን ያሳስታል።

ማይክሮ አርኤንኤ የጂኖችን ሥራ የሚቆጣጠር፣ 22 ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት) ገደማ ርዝመት ያለው የአርኤንኤ ቁራጭ ነው። ሲጀመር ከዲኤንኤ ረጅም ሆኖ ይቀዳል። ኑክሊየስ ውስጥ ድሮሻ የተባለው ኢንዛይም ቆርጦ 70 ኑክሊዮታይድ ገደማ ያደርሰዋል፤ ከኑክሊየስ ከወጣ በኋላ ደግሞ ዳይሰር የተባለ ሌላ ኢንዛይም ያሳጥረዋል። ከዚያ አርጎኖት ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ የሚገጥሙትን መልእክተኛ አርኤንኤዎች (ፕሮቲን እንዲሠራ የጂንን መመሪያ የሚያደርሱትን) ይይዛል። የሚለያቸውም በአብዛኛው ከ2ኛው እስከ 8ኛው ባሉት ኑክሊዮታይዶቹ ነው። ይህን ያህል አጭር ቅደም ተከተል ብዙ መልእክቶች ላይ ስለሚገኝ አንዱ ማይክሮ አርኤንኤ በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ሊነካ ይችላል። ብዙውን ጊዜም ከመልእክቱ የሚሠራውን ፕሮቲን ጨርሶ አያጠፋውም፣ ቀነስ ያደርገዋል እንጂ። ምን እንደሚሠራ የሚወስነው በዚያ ሕዋስ ውስጥ በዚያን ጊዜ የትኞቹ መልእክቶች እንዳሉ ነው።

ወደ ጡት እንምጣ። የወተት ቧንቧ ግድግዳ ሁለት ድርብ አለው። በውስጥ በኩል ሉሚናል ሕዋሳት፣ በውጭ በኩል ደግሞ ተኮማትረው ወተቱን የሚገፉት ማዮኤፒቴልያል ሕዋሳት ይገኛሉ። ማይክሮ አርኤንኤዎች «ሚር» በሚል ቅጥያና በቁጥር ይጠራሉ። ሚር-141ን የመሳሰሉት የሚር-200 ቤተሰብ አባላት በውስጠኛው ድርብ ይበዛሉ፤ ሚር-145 እና ሚር-205 በውጨኛው።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወራሪ የጡት ካንሰር ውጨኛውን ድርብ ያጣ ዕጢ ነው፤ ፓቶሎጂስቶችም (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሐኪሞች) ፒ63ን የመሰሉ የዚያን ድርብ ፕሮቲኖች አቅልመው የሚፈልጉት ያ ድርብ መኖር አለመኖሩን ነው። እንግዲህ አንድ ቁራጭ ዕጢና አንድ ቁራጭ ጤነኛ ጡት ፈጭተን ብናወዳድር፣ በየትኛውም ሕዋስ ውስጥ ምንም ባይለወጥ እንኳ ሚር-145 «ቀንሶ» ይታያል። ባለቤቱ የሆነው ሕዋስ ናሙናው ውስጥ የለማ! በተቃራኒው ጤነኛ ጡት አብዛኛው ስብና ተያያዥ ህብረ ሕዋስ ስለሆነ፣ ኤፒቴልያል (የቧንቧ ግድግዳ) ሕዋስ የበዛበት ዕጢ ሚር-200ን «የጨመረ» ይመስላል። ሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) የሞላበት ዕጢ ሚር-155ን ያሳያል፤ የደም ሥር የበዛበት ሚር-126ን። ሚር-21 በብዙ የጡት ዕጢዎች ከፍ ማለቱ፣ ፒቴንን የመሳሰሉ ዕድገት ገቺ ፕሮቲኖችንም መጫኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ስላይዱ ላይ ሲታይ ምልክቱ ብዙ ጊዜ የሚደምቀው በካንሰሩ ሕዋስ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ፋይብሮብላስቶች (የተያያዥ ህብረ ሕዋስ ሕዋሳት) ላይ ነው።

ይህን ለማጣራት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተፈለገውን ድርብ በሌዘር ቆርጦ ለብቻው መለካት ነው። ሁለተኛው በስስ ቁራጭ ላይ መፈለጊያ፣ ማለትም ከሚፈለገው ማይክሮ አርኤንኤ ጋር የሚገጥም፣ ኤልኤንኤ (አጥብቆ እንዲይዝ የተሻሻለ ኑክሊዮታይድ) ያለበት ምልክት አሳርፎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው፤ ከጎኑም ከምንም ጋር የማይገጥም መፈለጊያ ለማነጻጸሪያ ይሠራል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፕሮቲኔዝ ኬ የተባለው ፕሮቲን ፈጪ ኢንዛይም መጠን ነው። ካነሰ መፈለጊያው አይገባም፣ ከበዛ ሕዋሱ ይፈርሳል። 22 ኑክሊዮታይድ ያላት ቁራጭ ደግሞ በፎርማሊን ብቻ በደንብ ስለማትያዝ በሙቅ እጥበት ታጥባ ልትወጣ ትችላለች። ፈጭተው ለሚለኩም ማሳሰቢያ አለን፦ ለመልእክተኛ አርኤንኤ የተዘጋጁ ብዙ የማጣሪያ ኪቶች ከ200 ኑክሊዮታይድ በታች ያለውን ከእጣቢው ጋር ይደፉታል።

ሕዋሱ ከታወቀ በኋላም «ጥሩ» እና «መጥፎ» የሚለው አይሠራም። ሚር-200 ዜብ-1 የተባለውን ጂን ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይጫናል፣ ዜብ-1 በፈንታው ሚር-200ን ይጫናል። ሚር-200 ሲያይል ሕዋሳትን የሚያያይዘው ፕሮቲን ኢ-ካድሄሪን ይኖራል፣ ሕዋሳቱም ተያይዘው ይቆያሉ፤ ዜብ-1 ሲያይል ይላቀቃሉ፣ ይንቀሳቀሳሉ። እስካሁን ተከላካይ ይመስላል። በአይጥ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ግን ያው ሚር-200 ከጡት ተነስተው ሌላ አካል የደረሱ ሕዋሳት ዕጢ ሆነው እንዲያድጉ አግዟል። በጡት ዕድገት ረገድም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሚር-212 እና ሚር-132 የሌላቸው አይጦች የወተት ቧንቧቸው እንደማያድግ ተዘግቦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሌላ መንገድ እነዚያኑ ያጠፋ ቡድን ደግሞ ቧንቧው በደንብ ማደጉን አሳየ።

በደም ውስጥ ባለ ማይክሮ አርኤንኤ የጡት ካንሰርን ስለሚለየው ምርመራ «አንድ ጠብታ ይበቃል» ብላችኋል። ቀይ የደም ሕዋስ በሚር-451 እና በሚር-16 የተሞላ ነው። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ጥቂት ሕዋሳት ከፈረሱ ሁለቱም ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ይፈስሳሉ። ሚር-16ን እንደ ቋሚ መለኪያ የያዘ ላቦራቶሪ ታዲያ ሌላው ሁሉ የቀነሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ፕላዝማው በ414 ናኖሜትር ብርሃን ምን ያህል እንደሚመጥጥ ይለካል፤ መጠኑ ከ0.2 ካለፈ ይጣላል። በፒሲአርም (ቁራጩን በዑደት እያባዛ በሚለካ ዘዴ) የሚር-23ኤ እና የሚር-451 የዑደት ልዩነት ከ7 በላይ ሲሆን ናሙናው ይጠረጠራል። ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ሄፓሪን ፒሲአሩን ስለሚያግድ ቱቦው በፈንታው ኢዲቲኤ ያለበት ይሁን። ሴንትሪፉጁም ሁለት ጊዜ ይዙር፤ አንዴ ብቻ ከዞረ ፕሌትሌት (ደም አርጊ ሕዋስ) ይቀራል፣ ሲቀዘቅዝ ይፈነዳና የራሱን ማይክሮ አርኤንኤ ይጨምርበታል። የሕሙማኑ ደም በአንድ ቦታ፣ የጤነኞቹ በሌላ ቦታ ተቀድቶ ከሆነ የታየው ልዩነት የአቀዳዱ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናውን በሚመለከት፣ ሚር-34ኤን ወደ ሰውነት ለማስገባት የተሞከረው መድኃኒት ከባድ የመከላከያ ሥርዓት ችግር በማስከተሉ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 መቋረጡን አልጻፋችሁም። ከሁሉ በላይ እንዲታረም የምንፈልገው ግን የደም ምርመራው «ማሞግራፊን (የጡት ራጅን) ይተካል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት ዛሬም የሚያስፈልጋት የሐኪም ምርመራ፣ የምስል ምርመራና በመርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሞለኪውላር ባዮሎጂ ባለሙያዎች